ማታ 138፣ ጠዋት 187፦ ምንም ሳልበላ ከየት መጣ?

ሰላም ለሁላችሁም። ዓይነት 2 ስኳር አለብህ ከተባልኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። የሦስት ወር የስኳር አማካዩ (HbA1c የሚባለው) 8.9 በመቶ ነበር። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር እወስዳለሁ።

ግራ ያጋባኝ የጠዋቱ ነው። ትናንት ማታ 1 ሰዓት ላይ ግማሽ እንጀራ በጎመንና በምስር በላሁ። ልተኛ ስል ስኳሬን ለካሁ፤ 138 (mg/dL)። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት እጄን ታጥቤ፣ በደንብ አድርቄ ጣቴን ወጋሁ፤ 187! ደንግጬ ሌላ ጣት ሞከርኩ፤ 184። ሌሊቱን ከውኃ በቀር የቀመስኩት የለም።

ሐኪሙ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 ይሁን ብሎኛል። ሊነጋጋ ሲል ጉበት ራሱ ስኳር ይለቃል ሲባል ሰምቻለሁ። የኔም እሱ ይሆን? እናቴ እራት ተው ትለኛለች፤ እኔ ግን መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ስውጠው ሆዴን ይረብሸኛል። ከእራት በኋላ በእግር መሄድ ለጠዋቱ የረዳው ሰው አለ?

ቀጠሮዬ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ስለተወደደብኝ በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ መለካት ይከብደኛል። ለሐኪሙ መዝግቤ የምወስደው የትኛውን ሰዓት ቢሆን ይሻላል? ያለፈባችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ በጣም ጨንቆኛል።