ወደ ዲድኮት የምናደርገው ጉብኝት፦ የጋራ ሐሳባችንን እንቅረጽ

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን ወገኖች። የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ የድሮ ባቡሮች ወደሚታዩበት ወደ ዲድኮት የባቡር ማዕከል እንሄዳለን ብለናል። ለኮሚቴው የምናስገባው ጽሑፍ ሰኞ መድረስ አለበት። የእኔ መነሻ ይኸው፦ «በራሪ ሙዝ የሚባለውን የ1930ዎቹ የእንግሊዝ ሊቶሪና (ያለ ሎኮሞቲቭ በራሱ ሞተር የሚሄድ ፉርጎ) ለልጆቻችን ማሳየት።» እርሙልኝ።

ነባር አባል፦
ልጄ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን ዲድኮት ያለው ሊቶሪና፣ 22 ቁጥር፣ ሙዝ አይመስልም። አፍንጫቸው ሾል ያለው ቀደም ብለው የተሠሩት ናቸው። 22 ቁጥር ኋላ ስዊንደን ከተማ ነው የተሠራው፤ ማዕዘኑም ቀጥ ያለ ነው። ልጆቹ ሙዝ ጠብቀው እንዳይከፋቸው። እኔ ብሆን መልኩን ትቼ ሥራውን አሳያለሁ። ድሬዳዋ ሊቶሪና ስጠግን ገና ሳይነጋ ዘይቱን በጨርቅ ጠርገን እንለካ ነበር። እጃችን እስከ ክርናችን ጥቁር ነው። ተሳፋሪው መልኩን አይጠይቅም። «ዛሬ ይነሳል?» ነው የሚለው።

አባል፦
ጋሼ እውነታቸውን ነው። ለዚያውም ታሪኩ የሰፈራችን ነው። የመጀመሪያው ሊቶሪና፣ 1 ቁጥር፣ ዲሴምበር 1933 ሥራ ሲጀምር የሮጠው በስላው፣ በሪዲንግና በዲድኮት መስመር ነበር። ሞተሩን የሠራው ኤኢሲ ነው፤ የለንደን አውቶቡሶችን ሞተር የሚሠራው ፋብሪካ። ጉልበቱ 130 ፈረስ፣ መቀመጫው 69።
በዓመቱ ሦስት ፈጣን ሊቶሪናዎች ከበርሚንግሃም ካርዲፍ ተመደቡ። ሁለት ሁለት ሞተርና ቡፌ ነበራቸው፤ መቀመጫቸው ግን 44 ብቻ። ሕዝቡ ወደዳቸው፣ ቦታ ጠፋ። ችግሩ ተጨማሪ ፉርጎ መጎተት አለመቻላቸው ነው። ይህን ጉዳይ በደንብ እንጻፈው። በ1937 የወጣው 18 ቁጥር መጎተቻ ተገጥሞለት ላምቦርን ሄደ፤ የእሽቅድምድም ፈረስ አገር ነው። እዚያ የፈረስ ፉርጎ ይጎትት ነበር። 17 ቁጥር ደግሞ ሰው አይጭንም፣ ጥቅል ዕቃ ብቻ። እስከ 1942 ድረስ 38 ተሠሩ።

የወላጆች ተወካይ፦
ለትንንሾቹ ይህ ሁሉ ቁጥር ይከብዳል። አንድ ነገር ብቻ በእግራቸው ይዩ። ከአንዱ የሹፌር ክፍል ተነስተው እስከ ሌላኛው ጫፍ ይራመዱ። እዚያም የሹፌር ክፍል አለ። የከሰል ባቡር መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ፣ ዞሮ በሌላኛው ጫፍ ይታሰራል። በዚህኛው ግን ሹፌሩ ብቻ ተነስቶ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል፤ በቃ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከወለሉ ስር ሞተሩን ይፈልጉ።

ሌላ አባል፦
«ሊቶሪና» የሚለው ቃል ላይ ቅሬታ አለኝ። ስሙ ከጣሊያን ፋሺስቶች ዘመን የመጣ ነው። የእንግሊዙን በዚያ ስም መጥራት ልክ አይመስለኝም።

ነባር አባል፦
ልክ ነህ ልጄ። እኛ የለመድነው ስም ስለሆነ ነው። ለእንግሊዙ «ባለ ሞተር ፉርጎ» እንበለው። ሊቶሪና የሚለውን ግን ፈጽማችሁ አታጥፉት። አባቶቻችን የሠሩበት የፊያት ባቡር በዚያ ስም ነው የሚታወቀው። አንድ አንቀጽ ስጡኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
አውቶቡስ መከራየት ይቅር። ማዕከሉ ከዲድኮት ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ከሪዲንግ በባቡር እንሂድ። 1 ቁጥር በሠራበት መስመር መሄዳችን ራሱ ጉብኝት ነው።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ማኅበራችን የ22 ቁጥር ባለ ሞተር ፉርጎን የሥራ ዘመን፣ በ1962 እስከተሰናበተበት ድረስ፣ ለልጆች በአማርኛ ያስረዳል። ጉዞው ከሪዲንግ በባቡር ይሆናል። ልጆቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይራመዱበታል። ስለ ድሬዳዋው ሊቶሪና አንድ ነባር ሠራተኛ ይናገራሉ።» 22 ቁጥር የሚንቀሳቀስበትን ቀን ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ። ጋሼ፣ አንቀጹን እስከ እሑድ ይላኩልኝ።