ቴስቱ ሁሉ አልፎ አንዱን ክፍል ለሁለት እንግዳ ያዘብኝ

አዘዞ12 (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር ውስጥ ላለ ባለ 12 ክፍል እንግዳ ማረፊያ የአልጋ መያዣ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። በጃንጎ (የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ) ነው የጻፍኩት። ላፕቶፔ ላይ ዳታቤዙ (መዝገቦቹ የሚቀመጡበት) ኤስኪውላይት ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ፖስትግሬስ። ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ 23 ቴስት አለኝ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ማለትም ያለፉ።

ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ሠራ። ባለፈው ቅዳሜ ግን 7 ቁጥር ክፍል ለሁለት ሰው ተያዘ። አንዱን ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ መዘገበችው፣ ሌላው በስልኩ ራሱ ያዘ። በመካከላቸው አንድ ሰከንድ እንኳ የለም። ሁለቱም ቀብድ ከፍለዋል። ባለቤቱ «ታዲያ ከደብተሩ በምን ተሻለ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ኮዴ ቀላል ነው። መጀመሪያ ክፍሉ በእነዚያ ቀናት መያዙን ያያል፣ ካልተያዘ ይመዘግባል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? 23ቱ ቴስትስ ምን ሲያዩ ነበር? ጥምቀት ሳይደርስ ብትደርሱልኝ። ያን ሰሞን ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

ቡና በጀበና

ወንድሜ፣ ይሄ ያልደረሰበት የለም። ችግሩ «ያያል» እና «ይመዘግባል» በሚሉት መካከል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ደብተር ላይ እንደቆሙ አስብ። አንዷ 7 ቁጥር ባዶ መሆኑን አየች፣ እስክሪብቶ ልታነሳ ዞር አለች። ሁለተኛውም አየ፣ ባዶ ነው። ሁለቱም ጻፉ። ማንም አልዋሸም።

ቴስቶችህ ያላዩት አንድ በአንድ ስለሚሮጡ ነው። ሁለት ሰው በአንዴ የሚመጣበት ቴስት የለህም። ብትጽፍ ደግሞ ኤስኪውላይት ላይ አታምነው። እሱ በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚያስገባው፣ ጠባዩ ከፖስትግሬስ ጋር አይገናኝም። መጀመሪያ ላፕቶፕህ ላይ ፖስትግሬስ ጫን። ቴስቱ ሰርቨሩ የሚሠራበት ዳታቤዝ ላይ ይሩጥ። ሌላውን ከዚያ እናወራለን።

አዘዞ12

ጫንኩ፣ ኡቡንቱ ላይ። ዩዘርና ፓስወርድ ፈጠርኩ። ግን «ፒር ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» ይለኛል። ፓስወርዱን አምስት ጊዜ ቀየርኩት።

ቡና በጀበና

ፓስወርዱን ተወው፣ ጭራሽ አልጠየቀህም። ሴቲንግስ ፋይሉ ላይ ሆስት የሚለውን ባዶ ስለተውከው በውስጥ በር ነው የገባኸው። በዚያ በር ፖስትግሬስ የሚያየው የኡቡንቱ ስምህን ነው፣ ከዳታቤዙ ዩዘር ጋር ካልተመሳሰለ ይመልስሃል። ሆስት ላይ 127.0.0.1 ጻፍ፣ ፖርቱ 5432። ያኔ ፓስወርድ ይጠይቅሃል።

ቀጥሎ ምን እንደሚገጥምህም ልንገርህ። ቴስት ስታስሮጥ «ፐርሚሽን ዲናይድ ቱ ክሪኤት ዳታቤዝ» ይልሃል። ጃንጎ ለቴስት የራሱን ዳታቤዝ ፈጥሮ ሲጨርስ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ዩዘሩ ዳታቤዝ የመፍጠር ፈቃድ ይፈልጋል። ኦልተር ሮል ብለህ ክሪኤትዲቢ ስጠው። ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው ታዲያ፣ ሰርቨሩ ላይ አያስፈልገውም።

አዘዞ12

ጠንቋይ ነህ እንዴ? ቃል በቃል ያልከው መጣ። ሁለቱም ተፈቱ። 23ቱም ፖስትግሬስ ላይ አለፉ። ግን የ7 ቁጥሩ ጉዳይ እንዳለ ነው።

ሰሊጥ

አሁን ወደ ዋናው። ኮድህ ውስጥ ጥበቃ አትደርድር፣ ዳታቤዙ ራሱ እምቢ ይበል። ፖስትግሬስ ኤክስክሉዥን ኮንስትሬይንት የሚባል ገደብ አለው። «ክፍሉ አንድ ሆኖ ቀናቱ የሚደራረቡ ሁለት መዝገቦች አይኑሩ» ትለዋለህ፣ በቃ። በሪሴፕሽን ይምጣ፣ በስልክ ይምጣ፣ አንተ ራስህ ሌሊት በእጅህ አስገባው፣ ሁለተኛውን አይቀበልም። ጃንጎ ከ3.0 ጀምሮ ይደግፈዋል።

ሦስት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ቢትሪ ጂስት የሚባለውን የፖስትግሬስ ተጨማሪ (ኤክስቴንሽን) ከኮንስትሬይንቱ በፊት ማይግሬሽኑ (የዳታቤዙን አወቃቀር የሚቀይረው ፋይል) ውስጥ አስገባ። ካላስገባህ «ኖ ዲፎልት ኦፕሬተር ክላስ» የሚል ግራ የሚያጋባ ስህተት ታያለህ። እኔ ግማሽ ቀን በልቶብኛል። ሁለተኛ፣ የመውጫው ቀን ከተያዙት ቀናት ውጭ ይሁን። ጥር 12 የሚወጣና ጥር 12 የሚገባ እንግዳ መጋጨት የለባቸውም። ሦስተኛ፣ የተሰረዘ መዝገብ ክፍሉን እንዳይዝ ሁኔታ ጨምርበት፣ አለዚያ አንዴ የተሰረዘ ቀን ዳግም አይያዝም።

ደግሞ ስህተቱን ያዘው። ምዝገባውን አቶሚክ (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚሳካ ወይ ጭራሽ የሚቀር) ውስጥ አድርገህ ዳታቤዙ እምቢ ሲል ለእንግዳው «ይቅርታ፣ ክፍሉ አሁን ተያዘ» በል። 500 (የሰርቨር ስህተት) የሚል ነጭ ገጽ አታሳየው።

ማይኤስኪውኤል ይሻላል

ለ12 ክፍል ይሄ ሁሉ? እኔ ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ነው የምሠራው፣ እንዲህ ያለ ኮንስትሬይንት የለውም፣ ግን ተኝቼ አድራለሁ። ለእያንዳንዱ አዳር አንድ መስመር አስገባለሁ። ሦስት አዳር ከሆነ ሦስት መስመር። ክፍልና ቀን አንድ ላይ ዩኒክ (የማይደገሙ) ናቸው። ሁለተኛው ሰው ሲመጣ ዩኒክ የሚለው ይመልሰዋል። የትም ዳታቤዝ ላይ ይሠራል፣ ለማንም ለማስረዳትም ቀላል ነው።

ሰሊጥ

እውነት ነው፣ እሱም ያስኬዳል። ቆይታ ሲራዘም ወይም ሲያጥር መስመሮቹን መጨመርና መቀነስ አለብህ እንጂ። እሱ ፖስትግሬስ ላይ ስላለ ነው ያንን ያልኩት።

ሪሴፕሽን ነኝ

እኔ ኮድ አላውቅም፣ ስድስት ዓመት ግን ሪሴፕሽን ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት ነገር ልበል። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሰው «ያዝ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ይጫናል። እኔም እጫናለሁ። እሱን ሞክረኸዋል?

ሌላው ሰዓት ነው። እንግዳ ደውሎ «ሌሊት 8 ሰዓት እደርሳለሁ» ይላል። በፊት የሠራሁበት ቤት ፕሮግራሙ ሌሊት የገባውን ሰው ሁሉ ባለፈው ቀን ነበር የሚጽፈው። ጠዋት ሒሳብ ስንዘጋ ጭቅጭቅ ነው።

ቡና በጀበና

እህቴ፣ ይሄን ከኛ ማንም አላነሳውም ነበር። አዘዞ፣ ሴቲንግስህ ላይ ታይምዞን ምን ይላል? ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ከሆነ ያው ችግር ነው። እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የገባ ሰው በዩቲሲ ገና ትናንት ላይ ነው። አፍሪካ አዲስ አበባ አድርገው።

ቀኑን ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጆቹ አስቀምጥ፣ ስታሳይ ብቻ ወደኛ ቀይረው። ለመቀየሪያው ጳጉሜን የሚፈትን ቴስት ጻፍ። ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 1 በ2018 ዓ.ም. ማለቂያ 6 አዳር ነው፣ በ2019 ማለቂያ ግን ጳጉሜ 6 ቀን ስለሆነች 7 አዳር። ይሄን ካለፈ ሌላውም አያስቸግርህም።

አዘዞ12

ታይምዞኑ ዩቲሲ ነበር። አፈርኩ።

ኮንስትሬይንቱን አስገባሁ። ከዚያ ሁለት ትሬድ (እኩል የሚሮጡ ሥራዎች) አስነስቼ 7 ቁጥርን በአንድ ጊዜ የሚይዝ ቴስት ጻፍኩ። መጀመሪያ ሁለቱም «ክፍሉ የለም» ብለው ወደቁ! ቴስቱ ውስጥ ፈጥሬዋለሁ እኮ።

ሰሊጥ

በተራው ቴስትኬዝ ነው የጻፍከው። እሱ ሁሉን ነገር ባልተዘጋ ትራንዛክሽን (ገና ባልጸደቀ የሥራ ጥቅል) ውስጥ ነው የሚይዘው፣ ትሬዶቹ ደግሞ በሌላ ኮኔክሽን ስለሚገቡ የፈጠርከውን ክፍል አያዩም። ትራንዛክሽን ቴስትኬዝ አድርገው። ባሪየርም ጨምር፣ ሁለቱ ትሬዶች ተጠባብቀው እኩል እንዲነሱ። በየትሬዱ መጨረሻ ኮኔክሽኑን ዝጋ፣ ካልዘጋህ ጃንጎ የቴስቱን ዳታቤዝ ሊያጠፋ ሲል «ሌሎች እየተጠቀሙበት ነው» ይልሃል።

አዘዞ12

ሠራ! አንዱ ያዘ፣ አንዱ ተመለሰ። ኮንስትሬይንቱን አውጥቼ ሳስሮጠው ሁለቱም ያዙ፣ ስመልሰው አንዱ ብቻ። 50 ጊዜ ደጋገምኩት። ሦስቴ መጫኑንም ሞከርኩ፣ አንድ ብቻ ነው የሚገባው።

አሁን የቀረኝ አንድ ነው። የሰርቨሩን ዳታ ኮፒ አድርጌ ማይግሬሽኑን ስሞክር እምቢ አለ። የሚደራረቡ መዝገቦች አሉ ይላል። ፈለግኩና ከ7 ቁጥር ሌላ አንድ ጥንድ አገኘሁ። 4 ቁጥር፣ ጥር 10፣ የከተራ ዕለት። ሁለቱም ቀብድ ከፍለዋል፣ ሁለቱም ገና አልመጡም። የትኛውን ልሰርዝ?

ሪሴፕሽን ነኝ

ማንንም አትሰርዝ። መጀመሪያ የከፈለው ይቆይ፣ ለሁለተኛው ዛሬውኑ ደውልለት። ይቅርታ ጠይቀህ ሌላ ቤት አልጋ ፈልግለት፣ የዋጋ ልዩነት ካለ እናንተ ቻሉት። አሁን ከሆነ ይገኛል። ከተራ ዕለት ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ከቆመ አይገኝም።

አዘዞ12

ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ፒያሳ አካባቢ ካገኘሁለት ተስማማ። እየፈለግኩ ነው።