ከለንደን የተላከልኝ የ«ዴድ ኦቭ ናይት» ብሉሬይ አሜሪካ ማጫወቻ ላይ እምቢ አለኝ

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ በወጣትነቱ ለንደን ሲማር ያየውን አንድ የእንግሊዝ አስፈሪ ፊልም እስከ ዛሬ ያነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፣ «ዴድ ኦቭ ናይት» ይባላል። አንድ አርክቴክት ገጠር ወዳለ ቤት ተጋብዞ ይሄዳል። እዚያ የተሰበሰቡትን እንግዶች ደጋግሞ በሕልሙ እንዳያቸው ይናገራል። ከዚያ እንግዶቹ በየተራ የገጠማቸውን ያወራሉ።

ከዓመታት በፊት ከቴሌቪዥን የተቀዳ ካሴት አግኝተን አብረን አይተነዋል። አባቴ ግን ቅር አለው። «ሁለቱ ጎልፍ ተጫዋቾች የታሉ?» እያለ ጠየቀኝ። በካሴቱ ውስጥ ጎልፍ የሚባል ነገር የለም። እኔም ከሌላ ፊልም ጋር ተምታቶበት ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ለንደን ያለችው እህቴ የታደሰውን ብሉሬይ (እንደ ዲቪዲ ያለ የፊልም ዲስክ) ገዝታ ላከችልን። ማጫወቻው ውስጥ ስከተው በዚህ ሪጅን አይሠራም የሚል ጽሑፍ ብቻ ያወጣል። ዲስኩ ተበላሽቶ ነው? ሌላ ማጫወቻ ልግዛ? የአባቴ ልደት ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

መልስ (ከለንደን)

እህቴ፣ ዲስኩ ምንም አልሆነም። እንዳትጥዪው። ብሉሬይ ዓለምን በሦስት ሪጅን (ክልል) ይከፍላል፣ ለአንዱ ሪጅን የተቆለፈ ዲስክ በሌላው ማጫወቻ አይሠራም። አሜሪካ ሪጅን ኤ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከቀረው አውሮፓ፣ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር ሪጅን ቢ ነው። ያንቺ ዲስክ ስቱዲዮካናል የተባለው የፊልም ኩባንያ እዚህ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ይመስለኛል። እሱ በሪጅን ቢ የተቆለፈ ነው። ከሽፋኑ ጀርባ «ቢ» የሚል ትንሽ ምልክት ፈልጊ።

መልስ (ከዳላስ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን)

ማጫወቻ ለመግዛት አትቸኩይ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «በሪሞት ቁጥር አስገብተህ ትከፍተዋለህ» የሚሉሽ አይጠፉም። ያ ዘዴ ብዙ ጊዜ ለዲቪዲ ነው የሚሠራው። የብሉሬይ ቁልፍ ግን በአብዛኛው ማጫወቻው ራሱ ከውስጥ ካልተቀየረ አይከፈትም። ስለዚህ ከገዛሽ ሻጩን «ለብሉሬይም ሁሉንም ሪጅን ያጫውታል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። «መልቲ ሪጅን» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይበቃም።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ የእንግሊዝ ዲስኮች ላይ ዋናው ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ምስል) ይሆንና ተጨማሪው ቃለ መጠይቅ በ50 ኸርዝ (ምስሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚታደስበት የአውሮፓ ልክ) ይቀመጣል። ብዙ የአሜሪካ ማጫወቻና ቴሌቪዥን ይህንን አያሳይም። የሚገዛው ማጫወቻ ወደ 60 ኸርዝ የሚቀይር መሆን አለበት። እህትሽ ከለንደን ማጫወቻ ልላክ ካለችሽ ደግሞ መጀመሪያ ቮልቴጁን ታንብብ። ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈበት ይቅር።

ለአንድ ፊልም ብቻ ከሆነ ግን ቀላሉ መንገድ የአሜሪካውን እትም መግዛት ነው። ኪኖ ሎርበር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 በብሉሬይ አውጥቶታል። አሁን ባለሽ ማጫወቻ ይሠራል።

መልስ (ከአዲስ አበባ)

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፦ በብሉሬይ እኛም ሪጅን ቢ ስለሆንን የእንግሊዙ ዲስክ ይሠራልናል። በዲቪዲ ግን ይለያል። እንግሊዝ 2 ናት፣ ኢትዮጵያ 5። ሁለቱን አታምታቱ።

መልስ (ከስቶክሆልም)

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ማጫወቻው አወራ፣ የአባትሽን ነገር ግን ማንም አላነሳውም። አባትሽ ትክክል ናቸው! አልተምታታባቸውም።

ፊልሙ በኢሊንግ ስቱዲዮ ሲሠራ አምስት ታሪኮችና እነሱን የሚያስተሳስረው የገጠሩ ቤት ነበሩት። አራት ዳይሬክተሮች ተካፍለው ሠሩት፦ ካቫልካንቲ፣ ክራይተን፣ ዲርደንና ሄመር። ርዝመቱ ወደ 104 ደቂቃ ነው። አሜሪካ ሲገባ ግን ሁለቱ ታሪኮች ተቆርጠው ወደ 77 ደቂቃ ወረደ። የወጡት የጎልፉ ታሪክና የገናው ግብዣ ናቸው። የእናንተ ካሴት ከዚያ ከተቆረጠው ቅጂ የመጣ መሆን አለበት።

የጎልፉ ታሪክ ቀልድ ነው። መነሻው የእንግሊዛዊው ደራሲ የኤች ጂ ዌልስ አጭር ልብ ወለድ ነው። ከአምስቱ ደካማው እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም አልከራከራቸውም። ግን ቦታው ላይ መኖር አለበት። ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ተዋናዩ ማይክል ሬድግሬቭ ሁጎ ከተባለው ተናጋሪ አሻንጉሊት ጋር የሚሠራው ታሪክ ነው። ስቀሽ ትንፋሽሽን ስትሰበስቢ ነው ያ አሻንጉሊት የሚመጣብሽ። የገናው ግብዣ ደግሞ መውጣት አልነበረበትም። በመጨረሻው ቅዠት አርክቴክቱ ሰዎቹ ባወሯቸው ታሪኮች ውስጥ እየገባ ይሮጣል፣ የግብዣውም ቤት ይደርሳል። ግብዣውን ያላየ ሰው ያ ቦታ ከየት እንደመጣ አይገባውም።

አጨራረሱን ላላዩት አልናገርም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሦስት የካምብሪጅ ሳይንቲስቶች፣ ፍሬድ ሆይል፣ ቶማስ ጎልድና ሄርማን ቦንዲ፣ ይህን ፊልም አብረው አይተው ነበር። ዞሮ የሚገጥመው አሠራሩ ነው «ጽንፈ ዓለምም መጀመሪያና መጨረሻ ባይኖረውስ?» ወደሚል ሐሳብ የመራቸው። በ1948 ያወጡት ንድፈ ሐሳብ በኋላ ውድቅ ሆነ። ቢሆንም ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ወደ ፊዚክስ የገባ ሐሳብ ነውና እኔ ሁሌም ይደንቀኛል።

ዲስክ ስትገዙ ታዲያ መጀመሪያ ደቂቃውን እዩ። የእንግሊዝ ዲቪዲ ወደ 100 ደቂቃ ካለ አትደንግጡ። እዚያ ዲቪዲ በሴኮንድ 25 ፍሬም ስለሚሄድ ትንሽ ይፈጥናል እንጂ አልተቆረጠም። 77 ካለ ግን ተዉት።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ ይህን ለአባቴ አነበብኩለት። «አላልኩሽም?» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የአሜሪካውን እትም አዘዝኩ፣ ደርሷል። ትናንት ማታ ለብቻዬ አሥር ደቂቃ ሞከርኩት። ሁለት ጥያቄ አለኝ። በግራና በቀኝ ጥቁር ነገር አለ። ምስሉ ላይ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ይታያል። ታድሷል ከተባለ ይህ ለምን ቀረ?

መልስ (ከዳላስ)

ጥቁሩ ትክክል ነው። የዚያ ዘመን ምስል ወርዱ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ነው፣ የዛሬ ቴሌቪዥን 1.78። ስክሪኑ ይሙላ ብለሽ ብትለጥጪው ሰዎቹ ይወፍራሉ። ዙም ካደረግሽው ደግሞ ጭንቅላት ይቆረጣል። እንዳለ ተዪው።

መልስ (ከለንደን)

አሸዋው የፊልሙ ግሬይን ነው። ፊልም ላይ ምስሉ የተሠራው ከብር ቅንጣቶች ነው። እድሳት ማለት ጭረትን፣ አቧራንና የምስል መንቀጥቀጥን መቀነስ ነው። ግሬይኑ ግን ከተጠረገ የሰው ፊት ሰም ይመስላል፣ የልብሱም ድርና ማግ አይታይም። ብዙ የቆየ ፊልም እንዲህ ተበላሽቶ አይቻለሁና እባክሽ አታስጠርጊው።

ጥፋቱ ከቴሌቪዥኑም ሊሆን ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ግቢና ሻርፕነሱን (የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን) በጣም ቀንሺው። ኖይዝ ሪዳክሽኑን (ግሬይኑን የሚጠርገውን) አጥፊው። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም አጥፊ፣ ፊልሙን የቴሌቪዥን ድራማ ያስመስለዋል። «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ካለሽ እሱ ብቻውን አብዛኛውን ይሠራልሻል። ክፍሉን አጨልሚ። ከአምስቱ አንዱ በሆነው፣ መንፈስ ያደረበት መስታወት ታሪክ ላይ ጥቁሩ በደንብ ካልጠቆረ ነገሩ ሁሉ ይጠፋል።

መልስ (ከስቶክሆልም)

ድምፁም የ1945 ድምፅ ነው። ትንሽ የ«ሽሽሽ» ድምፅ አይጠፋውም። አባትሽ ጆሮ ከደከማቸው የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ክፈቺላቸው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሴቲንጉን እንዳላችሁኝ አደረግኩ። ሻርፕነሱ ብቻውን ግማሹን አሸዋ አጥፍቶታል።

ቅዳሜ አየነው። የሬሳ ሠረገላው መስኮቱ ሥር ሲቆም ልጄ እጄን ጨምድዳ ያዘች። ጎልፍ ተጫዋቾቹ ብቅ ሲሉ አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። እስኪያልቁ ድረስ አልተቀመጠም።

የለንደኑን ዲስክ ለእህቴ መልሼ ልኬላታለሁ። እሷ ጋ ይሠራል።