ደብራችን ለጥቁር አሜሪካውያን የቤት ብድር ያዋጣ ወይስ አያዋጣ?

ጠያቂው፦ እዚህ ሜሪላንድ ያሉ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ቤት መግዛት ላቃታቸው ቤተሰቦች ያለ ወለድ የሚያበድሩት ገንዘብ እያሰባሰቡ ነው። የእኛንም ደብር ጋብዘዋል። እሑድ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የምታስቡትን ጻፉ።

ሒሳብ ያዡ፦ እቃወማለሁ። የሕንጻችን ዕዳ ገና አላለቀም። አዲስ የመጣ ልጅ ሥራ እስኪያገኝ በየቤታችን ምንጣፍ ላይ ያድራል። የሜሪላንድ ጀስዊቶች፣ የካቶሊክ ካህናት ማኅበር፣ በ1838 እ.ኤ.አ. በባርነት የያዟቸውን 272 ሰዎች በ115,000 ዶላር ወደ ሉዊዚያና ሸጡ፤ በ2021 ከተሸጡት ሰዎች ዘሮች ጋር ሆነው 100 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። ተገቢ ነው፤ የበደሉት እነርሱ ናቸውና። ያልበደለ ምእመን ግን ስለ ምን ይከፍላል?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ የሕንጻው ዕዳ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። «እኛ አልበደልንም» የሚለው ግን አላሳረፈኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤቴን ስገዛ ከወረቀቶቹ መካከል በ1930ዎቹ የተጻፈ የባለቤትነት ሰነድ ግልባጭ ነበረ። ጥቁር ሰው ቤቱን እንዳይገዛ፣ እንዳይከራይ ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛ ከሆነ ብቻ ማደር ይችላል። ቡናዬን አስቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ዓይነት አንቀጽ ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት ከለከለ፤ በ1968 የወጣው የመኖሪያ ቤት ሕግ ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን ከለከለ። ጥቁር አሜሪካውያን ታስረውና ተደብድበው ባስከፈቱት በር እኔ ቁልፍ ይዤ ገባሁ። አያቱ ቤት እንዳይገዛ የተከለከለ ሰው ምን ይወርሳል? የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በ2022 ባደረገው ጥናት መሠረት በመካከል ላይ ያለው የነጭ ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር ሲሆን የጥቁሩ 44,900 ነው።

ታክሲ ነጂው፦ ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ የእኛ መዋጮ በአባይ ላይ ጠብታ ነው። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ፦ መንግሥትን ወደ ጠረጴዛው የሚያመጣው ማን ሆነና? በ1980ዎቹ የምሥራቅ ብሩክሊን አብያተ ክርስቲያናት ከየቤተ እምነታቸው ያለ ወለድ ሚሊዮኖችን ተበድረው ለኒው ዮርክ ከተማ «ገንዘቡ ይኸው፤ መሬቱን አምጡ» አሉ። ከተማው ባዶውን መሬት ሰጠ፤ ለእያንዳንዱም ቤት 10,000 ዶላር ያለ ወለድ አበደረ። አንዱ ረድፍ ተሸጦ ገንዘቡ ሲመለስ ቀጣዩ ረድፍ ይሠራበታል፤ እንደ እቁባችን ይዞራል ማለት ነው። እንዲህ እየዞረ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠሩ። ስሙንም ነህምያ አሉት። ምዕራፍ 5ን አንብቡት፦ ሕዝቡ እርሻውንና ቤቱን በዕዳ አስይዞ ሲጮህ ነህምያ ሹማምንቱን ሰብስቦ «ዛሬውኑ መልሱላቸው» አለ።

ሒሳብ ያዡ፦ መምህር፣ እቁብ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው። እዚህ ተበዳሪው ሥራ ቢያጣ ዋሱ ማን ነው?

ነርሷ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለጋባዦቹ ጽፈን እንጠይቅ። ስጦታ ሳይሆን ብድር፣ ለአምስት ዓመት፣ ከሕንጻው ሒሳብ ሳይነካ ከተለየ መዋጮ ይሁን። የመጀመሪያውን 500 ዶላር እኔ አስቀምጣለሁ።

ታክሲ ነጂው፦ ከተለየ መዋጮ ከሆነ እኔም አለሁበት።

ሒሳብ ያዡ፦ ድምፄ አሁንም ተቃውሞ ነው፣ እኅቴ። ውሉን ግን ላኪልኝ። ገንዘቡ ሳይመለስ ቢቀር ምን እንደሚሆን የሚለውን አንቀጽ ከእሑድ በፊት አነብበዋለሁ።