አሉ የሉም ስለሚባሉ አውሬዎች ፖድካስት የምትሰሙ አላችሁ?

የሌሊት ዘብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር አንድ ግቢ የሌሊት ጥበቃ ነኝ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ የጀመርኩት ነገር ሱስ ሆኖብኝ ቀረ፣ እነዚህ አሉ የሉም ስለሚባሉ አውሬዎች የሚያወሩ የፈረንጅ ፖድካስቶች፣ ቢግፉት ቹፓካብራ ምናምን። በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የምሰማው፣ ሌላው ለበሩ ነው። ባለፈው የሞዝማንን ከፍቼ፣ ያ በፈረንጆቹ 1966 አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አራት ወጣቶች ከመኪና ሆነው አየነው ያሉት ቀይ ዓይንና ክንፍ ያለው ነገር፣ ልክ ክንፉን ዘረጋ የሚለው ጋ ስደርስ ከዋርካው ላይ የሆነ ነገር ክንፉን ቧ! አደረገው፣ ባትሪዬን ከእጄ ጣልኩት። አባ ኮዳ ነው! ቀን ቀን አሳ ገበያ የአሳ አንጀት ሲጠብቅ የሚውለው አባ ኮዳ።

አላምንበትም ግን መተውም አልቻልኩም፣ ባለቤቴ ደግሞ መንፈስ ትጠራለህ ትለኛለች። ከየትኛው ልቀጥል? የኛ አገርስ የለም እንዴ?

ምስር ለቃሚ፦
ሎክ ኔስን ስማ ወንድሜ፣ ያ ስኮትላንድ ውስጥ ግዙፍ አውሬ አለበት የሚባለውን ሐይቅ፣ ግን አውሬው አለ የሚሉትን ሳይሆን ውሸቱ እንዴት እንደተጋለጠ የሚያወራውን። ለሐዋሳ ሰው የተሰራ ነው ስልህ። በፈረንጆቹ 1933 የእንግሊዙ ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ዌዘረል የሚባል አዳኝ ቀጥሮ ወደዛ ላከው፣ ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ዳናውን አገኘሁት ብሎ አገር ጉድ አለ፣ ለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሲያየው ግን የጉማሬ እግር! ያውም የደረቀ፣ ጃንጥላ ማስቀመጫ ከሚያደርጉት ዓይነት። ተዋረደ፣ ቂም ያዘ፣ ከዛ የእንጀራ ልጁ በአሻንጉሊት ሰርጓጅ መርከብ ላይ አንገት ሰራለትና ያ በ1934 የወጣው ዝነኛ የአውሬው ፎቶ እሱ ነው። እውነቱ የታወቀው በ1994 ነው፣ 60 ዓመት ሙሉ! ያን ቀን ምስር እየለቀምኩ ነበር የሰማሁት፣ ከነድንጋዩ ቀቀልኩት። ብቻ አቅራቢዎቹ እርስ በርስ እየተሳሳቁ ታሪኩን የሚገድሉትን እለፋቸው።

የድሮ መምህር፦
የኛስ ላልከው፣ ሮማዊው ፕሊኒ የዛሬ 1900 ዓመት ገደማ ስለ ጅብ የጻፈውን ፈልግ ልጄ። እረኞች ደጃፍ ቆሞ የሰው ንግግር ያስመስላል፣ የአንዱን ስም ይለምድና ጠርቶ አስወጥቶ ይበላዋል፣ እንደሚያስመልሰው ሰው ድምፅ እያሰማም ውሻ ያታልላል ይላል። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ይህንኑ ነበር የምትነግረን፣ በጨለማ ከውጭ ስምህ ሲጠራ እስከ ሦስቴ አቤት እንዳትል! ካቶብሌፓስ የሚባል፣ ራሱ ከብዶት አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ዓይኑን ያየ የሚሞትበት አውሬም በምዕራብ ኢትዮጵያ አለ ብሏል፣ ያው በዛን ዘመን ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን በሙሉ ስለሆነ ብዙ አትኩራ።

አዳሜ ከአዳማ፦
ሞዝማን ላይ የሚያናድደኝ መጨረሻው ነው፣ በፈረንጆቹ 1967 እዛው እሱ ታየ የተባለበት ከተማ የፈረሰውን ድልድይ ከአውሬው ጋር ያያይዙታል። 46 ሰው የሞተበት ነገር እኮ ነው፣ ምክንያቱም ተጣርቷል፣ ድልድዩን ከያዙት የብረት ማያያዣዎች አንዷ ተሰንጥቃ ነው። ደግሞ ያኔም ትልቅ ወፍ አይታችሁ ነው ያሏቸው ነበሩ፣ ስለዚህ አንተና አባ ኮዳህ ብቻችሁን አይደላችሁም 😂

የሌሊት ዘብ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ጉድ ሰርተውኛል። ትናንት የጉማሬውን ታሪክ እየሰማሁ፣ ሐይቁ ውስጥ እውነተኞቹ እያጉረመረሙ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከበሩ ውጭ ስሜ ተጠራ። ዝም። ደግሞ ተጠራ። ዝም አልኩ፣ ዱላዬን ይዤ። ሦስተኛው ላይ ስድብ ተጨመረበት፣ አለቃዬ ኖሯል፣ ለቁጥጥር መጥቶ ነው።

የሁለት ቀን ደሞዝ ተቆረጠብኝ።