ክርክር፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውጤት ከባሕርዩ ነው ወይስ ከአያያዙ?

አወያይ፦ ባልፈለገው የትምህርት ክፍል ተመድቦ ውጤቱ የወረደ ተማሪ ችግሩ ከራሱ ነው ወይስ ከተቋሙ አሠራር? ሐሳባችሁን ከነማስረጃው አቅርቡ።

የሥነ ልቦና መምህር፦ ትልቁ ድርሻ የተማሪው ነው እላለሁ። አርተር ፖሮፓት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ70,000 በላይ ተማሪዎችን የሸፈኑ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ ከአምስቱ ዋና ዋና የባሕርይ ዘርፎች መካከል ከትምህርት ውጤት ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ጥንቁቅነት፣ ማለትም ሥራን አቅዶ በጊዜው የመፈጸም ባሕርይ ነው። ምድቡን ባይወደውም አሳይንመንቱን በቀኑ የሚያስረክብ ተማሪ ሲወድቅ እምብዛም አላየሁም።

ተመራቂ ተማሪ፦ ከመምህራችን የምለየው በግኝቱ ሳይሆን በድምዳሜው ነው። በዚያው ጥናት የተገኘው ትስስር፣ 1 ፍጹም ትስስር በሆነበት መለኪያ፣ 0.2 ገደማ ስለሆነ (የሚያስረዳው ድርሻ የሚገኘው ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ ነው)፣ በተማሪዎች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት 5 በመቶ ያህሉን እንኳ አያስረዳም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን እንደሚያስተምሩት ሰው ከልቡ እንዲተጋ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ በራሱ ፈቃድ መሥራት፣ እችላለሁ ብሎ ማመንና ከሌሎች ጋር መቀራረብ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የፍሬሽማን ተማሪ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላና፣ በጂፒኤ ተወዳድሮ የፊተኞቹ ከሞሉበት ስምንተኛ ምርጫው ሊደርሰው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ክፍል የሚገባው ለአቴንዳንስ፣ ሃንድአውት የሚገልጠውም በፈተናው ዋዜማ ይሆናል። ይኸው ልጅ ማታ ማታ የሚወደውን ሒሳብ ለዶርም ጓደኞቹ ሳይሰለች ሲያስረዳ አይቻለሁ። በክፍል ውስጥ ብቻ የሚያውቀው መምህር «ግዴለሽ» ቢለው፣ የመዘነው ባሕርዩን ሳይሆን የተነፈገውን ነገር ነው።

ወላጅ፦ ሁሉም ሕክምና ልማር ቢል ቦታው ከየት ይመጣል?

ተመራቂ ተማሪ፦ አይመጣም፤ እኔም ምደባ ይቅር አላልሁም። ነገር ግን በራስ ፈቃድ መሥራት ማለት የትምህርት ክፍል መምረጥ ብቻ አይደለም። መምህሩ ኮርሱ ለምን እንደሚጠቅም ቢያስረዳ፣ የተርም ፔፐር ርዕስ ቢያስመርጥ፣ የሚድ ፈተናውንም አርሞ ከፋይናል በፊት ቢመልስ፣ በስምንተኛ ምርጫው የገባው ተማሪ እንኳ ትምህርቱን የራሱ ሊያደርገው ይችላል።

የሥነ ልቦና መምህር፦ የመጨረሻውን እቀበላለሁ፤ የታረመ ወረቀቱን ያላየ ተማሪ፣ የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፣ የቱ ላይ እንደሳተ አያውቅም። ሆኖም አንድ መምህር ብዙ ክፍሎችን ደርቦ በሚያስተምርበት ሁኔታ ይህን ሁሉ ከእርሱ ብቻ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ የትምህርት ክፍሎች የማስተማር ጫናውን ሲደለድሉ የእርማቱንም ሰዓት ሊቆጥሩለት ይገባል።