ውሻችን ማከክ አላቆም አለች፤ መላ በሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምንኖረው። ውሻችን ከመስከረም ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ስታክ ታድራለች። ብብቷ ቀልቷል፣ ከጭራዋ ሥር ያለው ጸጉሯ ረግፏል፣ ጆሮዋም መሽተት ጀምሯል።

ሐኪሙ ቆዳዋን ፍቆ በማይክሮስኮፕ አይቶ የእከክ ተባይ አላገኘም። ስቴሮይድ ስትወጋ ጋብ ይልላታል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ይመለሳል። ደጋግሞ መውጋቱ ደግሞ ጉዳት ስላለው ያስፈራኛል። ጎረቤት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢያት ይለኛል፤ ስትልሰው ትመረዛለችና በፍጹም አላደርገውም።

ጭራዋ ሥር መባሱ ቁንጫን ያስጠረጥረኛል። አለርጂ ላለባት ውሻ ጥቂት ንክሻ ይበቃታል፣ ቁንጫው በዓይን ባይታይም። ግቢያችን ግን የጋራ ነው፤ ድመቱም የሰፈሩ ውሻም ይገባል። እሷን ብቻ ባክም ዋጋ አለው?

ምግብም ሊሆን ይችላል። ለማጣራት በልታው የማታውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ለ8 ሳምንት ያህል መስጠት ያስፈልጋል። በሬውንም በጉንም ዶሮውንም ለምዳለች፤ ዓሣ በድንች ቀቅሎ የሞከረ አለ? ለአለርጂ የሚሰጠውን ኦክላሲቲኒብ የሚባል ኪኒንስ እዚህ መሀል ከተማ ያገኘ? ቆዳ ላይ ጎበዝ የሆነ የእንስሳት ሐኪም የምታውቁም እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ስታቃስት መስማት አልቻልኩም።